ከሰፈሩ የማይወጣ ስሕተት

ሚዛን ተፈሪ ላይ ዝናብ ሲይዝ የመናኸሪያ ሰው ሁሉ ዘመድ ይሆናል፤ መጠለያው ጠባብ ነዋ። በ2006 ዓ.ም. የነሐሴ አንድ ማለዳ እኔም የቴፒን መኪና ስጠብቅ ዝናቡ አባሮ ከአንዲት ሻይ ቤት አስገባኝ። ውስጥ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች፣ ሌላ ባዶ ጠረጴዛ ስለጠፋ ብቻ፣ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠዋል።

አንደኛው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የቡና እርሻ ምክትል ሥራ አስኪያጅ አቶ ሸዋንግዛው ናቸው። እህታቸው እማዋይሽ ከተቀበሩ ወር አልሞላምና ጥቁር ለብሰዋል። ሁለተኛው የዚሁ አካባቢ የሸዋ ቤንች ወረዳ ልጅ፣ የቀድሞ ተማሪዬ ይስሐቅ ነው። የእርሻውን የኮምፒውተርና የስልክ ኔትወርክ የሚጠብቀው እሱ ነበር። አሁን ሻንጣው እግሩ ሥር ነው፤ ተባሯል። ያባረሩትም እኚሁ ፊቱ የተቀመጡት ሰው ናቸው።

ነገሩን ሚዛን ውስጥ ያልሰማ የለም። እማዋይሽ አስም ነበረባቸው። ትንፋሽ ያጠራቸው ዕለት ወንድማቸው እርሻው መኖሪያ ካለው ቤታቸው ወደ እርሻው ክሊኒክ ደወሉ፤ ስልኩ አይሠራም። ሞባይልም እርሻው ባለበት ሸለቆ አይሠራም። ሰው በሩጫ ተልኮ አምቡላንሱ እስኪመጣ እማዋይሽ አረፉ። የእርሻው ስልኮች የሚሠሩት በኮምፒውተሩ ኔትወርክ ስለነበር ጥፋቱ ሁሉ በይስሐቅ ላይ ወደቀ።

«እግዜር ያጥናዎት» ብዬ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።

ይስሐቅ ቀና አለ። «ጋሼ፣ እኔ ወደ ጅማ መሄዴ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። በእኔ ቦታ የሚተካው ሰው ኔትወርኩን ልከፋፍል ሲል ይፍቀዱለት።»

«አሁንም መክፈል?» አሉ አቶ ሸዋንግዛው። «አምናም ይህንኑ ይዘህ ቢሮዬ መጥተህ ነበር። ያኔ ያልኩህን ልድገምልህ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። እኔ መከፋፈል ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። ቀበሌው ሲከፈል፣ አብሮ የኖረ ጎረቤት ሰላምታ ተነፋፈገ። እርሻው ውስጥ ግን ሸኮውም፣ ቤንቹም፣ ካፋውም፣ ከጎጃም የመጣሁት እኔም በአንድ መመገቢያ እንበላለን። እንዲህ ያለ ቤት ይዤ ምኑን ልክፈል?»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ሰውየው ግትር ናቸው፣ ክፉ ግን አይደሉም፤ የፈሩትም ነገር እውነት ነው። የፈሩበት ቦታ ብቻ ተሳስተዋል።

«የሰውን አንድነት የሚነካ የለም» አለ ይስሐቅ። «ልጠይቅዎ፣ የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ሳሉ በመደብና በመደብ መካከል ቦይ ለምን ያስቆፍሩ ነበር?»

«ሥር የሚያበሰብስ በሽታ አንዱ መደብ ቢገባ ጎርፉ ይዞት ወደ ሌላው እንዳይሻገር ነዋ። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም።»

«ችግኞቹን አጣላችኋቸው ማለት ነው?»

አቶ ሸዋንግዛው ብርጭቆአቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

«የእኛ ኔትወርክ ቦይ የለውም፣ ጋሼ። እያንዳንዱ ኮምፒውተርና ስልክ የራሱ አድራሻ አለው፤ ሁለት መቶ ሃምሳ አራቱም አድራሻ ግን በአንድ ሰፈር ነው። አንዱ ሌላውን ሲፈልግ ‹የዚህ አድራሻ ባለቤት ማነው?› ብሎ ይጣራል፤ ጥሪውን ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ብልሽት ተፈጥሮ ጥሪው ማቆሚያ ካጣ፣ ከጩኸቱ ብዛት ማንም ማንንም አይሰማም። ቢሮውን፣ ክሊኒኩን፣ መኖሪያውንና የሠራተኛ ክበቡን አራት ሰፈር ብናደርጋቸው፣ ጥቂቱ ለክፍፍሉ ተይዞ ለእያንዳንዱ ስልሳ ሁለት አድራሻ ይደርሰዋል፤ ይበቃልም። ጩኸቱም በተነሣበት ይቀራል።»

«ታዲያ እኔ ከመኖሪያው ወደ ክሊኒክ በምን ልደውል ነው?»

«በር አላቸው። በሩ ላይ ራውተር የሚባል መሣሪያ ይቆማል። ለክሊኒኩ የተላከውን ለክሊኒኩ ያሳልፋል፤ የሰፈር ጩኸት ግን በሩን አያልፍም።»

አቶ ሸዋንግዛው፣ «ይሁን። ያን ቀን ጩኸቱን ያስነሣው ማነው?» አሉ።

ይስሐቅ ብርጭቆውን ማየት ጀመረ። «ክበቡ ግድግዳ ላይ ካለችው የኔትወርክ ሳጥን አንድ ኬብል ተንጠልጥሎ ነበር። አንድ ሰው የተንጠለጠለውን ጫፍ አንሥቶ እዚያው ሳጥን ላይ መልሶ ሰካው። ጥሪው ከሳጥኑ ወጥቶ በዚያው ኬብል ይመለስ፣ እንደገና ይወጣ ጀመር።»

«ሰው አልከኝ። ማን?»

«ዝርክርክ ነገር የማይወድ ሰው ነው፣ ጋሼ። በክፋት አላደረገውም።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከጠረጴዛው አነሡ። «ያን ዕለት ክበቡን ለመቆጣጠር ገብቼ ነበር» አሉ። «‹ይህ ምን ይንጠለጠላል› ብዬ የጽዳት ሠራተኞቹን እየተቆጣሁ... እኔው ነኝ የሰካሁት። በገዛ እጄ። ታውቅ ነበር?»

«ሠራተኞቹ ነግረውኛል።»

«ሳባርርህ ለምን ዝም አልክ?»

«ሐዘን ላይ ነበሩ። ደግሞም እጁ የማንም ቢሆን ያው ነው። ሰው ይሳሳታል፤ ነገም ሌላው ይሳሳታል። ያንን ማስቀረት አይቻልም። ስሕተቱ ከሰፈሩ እንዳይወጣ ማድረግ ግን ይቻላል። አምና የለመንኩዎ ይህንኑ ነበር።»

አቶ ሸዋንግዛው በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። የጅማው መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የልጁን ሻንጣ ያዙ። «መኪናው ይሂድ» አሉ። «አንተ ከእኔ ጋር ትመለሳለህ። ለሥራ አስኪያጁ የማንን ጥፋት እንደተሸከምክ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።»

ነገሩትም። ይስሐቅ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ኔትወርኩም አራት ሰፈር ሆነ። በቡና ለቀማው ሰሞን የክበቡ ኔትወርክ ደግሞ ተበላሸ፤ ቢሮው ሥራውን ቀጠለ፣ ክሊኒኩም የወባ ምርመራ ውጤቱን ከላቦራቶሪ ይቀበል ነበር። ብልሽቱ የት እንዳለ ለማወቅም እርሻውን ሁሉ መዞር ቀርቷል፤ የታመመው ሰፈር ራሱ ይናገራል። ክበብ የገባ እንግዳም፣ ራውተሩ ስለሚከለክለው፣ የበሽተኛ ምስጢር ወዳለበት ኮምፒውተር አይደርስም። ሰዎቹ ዛሬም በአንድ መመገቢያ ይበላሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነበር፤ እኛ ግን ከተቃጠለ በኋላ ደረስን፣ እኔን የሚያበሳጨኝም እሱ ነው።

አቶ ሸዋንግዛው በየማለዳው ከቤታቸው ወደ ክሊኒክ ይደውላሉ። ነርሷ ራሔል ታነሣለች።

«አለሽ?» ይሏታል።

«አለሁ፣ ጋሼ።»

ሌላ ነገር አይጨምሩም፤ ስልኩን ያስቀምጣሉ።