ጋሪው ቀድሞ የገባበት አውቶቡስ

ጡረታ የወጡት አናጢ የስምንት ወር የልጅ ልጃቸውን በጋሪ እየገፉ በአስፋልቱ ዳር ዳር ይሄዱ ነበር። የሕፃኗ እናት በልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች፤ በምሳ ሰዓት ልጇን የምታጠባበት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው ያላት። በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት የማይፈጀውን መንገድ አባቷ ከአንድ ሰዓት በላይ ይኳትኑበታል። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ጋሪው ይርገበገባል፤ እሳቸውም እጀታውን ጭብጥ አድርገው እስኪያልፍ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

ፌርማታው አጠገብ ሲደርሱ ጎማው ጉድጓድ ገባና ጋሪው ወደ አስፋልቱ ዘመመ። የሹፌር ደንብ ልብስ የለበሰች፣ ፈረቃዋን ለመረከብ የምትሄድ ወጣት ዘልላ ያዘችላቸው።

«አባባ፣ ሕፃን ይዘው በዚህ መንገድ? አውቶቡሱ እኮ አሁን ይመጣል።»

«በሰላም ይለፍ። እኔ አልሳፈርም፣ ልጄ።»

«ምነው? አስቀይመውዎት ነው?»

አዛውንቱ ጋሪውን ከአስፋልቱ ትንሽ አራቁ።

«ባለፈው ወር ጋሪውን አስቀድሜ አስገባሁ። አንድ እግሬን ሳነሣ በሩ ተዘጋ። ልጅቷ ውስጥ፣ እኔ ውጭ። በሩን እየደበደብኩ ሮጥኩ። ጋሪው ብቻውን ሲንከባለል በመስታወቱ አየሁት። ሰው ጮኸና አውቶቡሱ ቆመ፤ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ያ በር ግን እስከ ዛሬ በሕልሜ ይዘጋብኛል።»

ፍርሃታቸው የደረሰባቸው ነገር የወለደው ነውና ማንም ሊነቅፋቸው አይችልም። ነገር ግን አንዱን አደጋ ሲሸሹ፣ በየቀኑ በክርናቸው ሥር የሚያልፈውን የጭነት መኪና እንደ ክፉ ጎረቤት ችለውት ነበር።

«ጥፋቱ የሹፌሩ ነው» አለች ወጣቷ። «ስፖኪዮውን ሳያይ በር መዝጋት አልነበረበትም። እርስዎስ ምልክት ሰጥተውት ነበር?»

«ሰው ማስቸገር አልወድም። ዕድሜ ልኬን ቁም ሣጥን ስሸከም ማንንም እርዳኝ ብዬ አላውቅም።»

«ቁም ሣጥን ቢወድቅ ይጠገናል፣ አባባ።»

ይህች ቃል አናጢውን ጠቅ አደረገቻቸው። ጎንበስ ብለው የሕፃኗን ብርድ ልብስ አስተካከሉ።

«እሺ፣ ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?»

«እጅዎን ያንሡ፤ ሹፌሩ እስኪያይዎት ድረስ ንቅንቅ እንዳይሉ። ከዚያ በመካከለኛው በር መጀመሪያ እርስዎ ይግቡና ጋሪውን ወደ ራስዎ ይሳቡ።»

«እሷስ ውጭ ብትቀርብኝ?»

«መጀመሪያ ሹፌሩ ይይዎት ያልኩት ለዚህ ነው። አጠገብዎ ያለውን ሰው ደግሞ የፊት ጎማውን እንዲያነሣልዎ ይጠይቁ፤ ነውር የለውም። ዛሬ እኔ አነሣለሁ። ውስጥ ሲገቡ የጋሪውን ጀርባ ወደ ሹፌሩ አዙረው ፍሬኑን ይርገጡ፤ እጀታውንም አይልቀቁ። የልጅቷ ቀበቶ ከቤት ጀምሮ ይታሰር። ይህን ቦርሳም ከእጀታው ያውርዱት፤ ጋሪውን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል።»

አውቶቡሱ መጣ። አዛውንቱ እጃቸውን አነሡ። ሹፌሩ አያቸውና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ገቡ፤ ወጣቷ የፊት ጎማውን አነሣችላቸውና ጋሪውም ገባ። በሩ ከኋላው ሲዘጋ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሲገልጡ ልጅቷ ፊት ለፊታቸው ነበረች።

መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌት ድንገት ገባና አውቶቡሱ ፍሬን ያዘ። የቆመው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተላተመ። ጋሪው ግን ጣት ታህል አልተንቀሳቀሰም። ሕፃኗ ጫማዋን ለማውለቅ ትታገል ነበር።

ፋብሪካው በር ላይ ከምሳው ደወል ቀድመው ደረሱ። በዚያ ቀን ሕፃኗ ሳታለቅስ ጠግባ ጠባች፤ እናቷ ተቀምጣ ምሳዋን በላች፤ አያትየውም እግራቸው ሳይዝል ቁጭ አሉ። የትናንቱ መንገድ የነጠቃቸው ይህን ሁሉ ነበር። አዛውንቱም የበሩን ነገርና ዛሬ ከወጣቷ የተማሩትን ለልጃቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯት።

እሷ ደንግጣ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «አባዬ፣ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልጅቷን እንዳትወስጂብኝ ፈርቼ።»

 ሕፃኗን ጋሪው ውስጥ አስተኝታ ቀበቶዋን አሰረችና እጀታውን ለአባቷ ሰጠቻቸው።

«ነገም አንተው አምጣት» አለች።