የሚወልድ ዛፍ

ባቡር ውስጥ ሁሉም በነጻ የሚታደል ጋዜጣ ገልጦ ዝም በሚልበት በዚያን ዘመን፣ በሰው አገር፣ ከፍሌሚንግስቤሪ በተሳፈርኩበት ፔንደልቶግ በሚሉት የከተማ ባቡር አንዲት አዛውንት እናት አጠገባቸው የተቀመጠችውን የማያውቋትን ሐበሻ ወጣት ሥራዋን ጠየቋት።

“ሞዛምቢክ ውስጥ የባሕር ዳር ዛፍ የሚጠብቅ ቡድን እመራለሁ።”

“ዛፍ ለባሕር ምን ይሠራል ልጄ?”

“ዐምና አውሎ ነፋስ መጥቶ ማዕበል እንዲገታ የተሠራውን የሲሚንቶ ግንብ ባሕሩ ጠራርጎ ወሰደው። ከዛፎቹ ጀርባ ያሉት ቤቶች ግን ቆመው አደሩ።”

“ሰዎቹስ?”

“ሁሉም ተረፉ እማማ።”

“ተመስገን! ጨው ውሃ ላይ እንዴት ተከላችሁት?”

“መትከሉን ራሱ ያውቅበታል። የእኛ ሥራ ሰው እንዳይቆርጠው መለመን ነው። ዘሩ እናቱ ላይ እንዳለ ይበቅልና ችግኝ ሆኖ ይወድቃል።”

“ይወልዳል በይኛ! ዕድሜዬን ሙሉ አዋላጅ ነበርኩ፤ ዛፍ ሲወልድ ግን ሰምቼ አላውቅም።”

“ይወልዳል።”

“ውሃው ከወሰደውስ?”

“ወራትም ቢሆን ይንሳፈፋል። ጭቃ የነካ ዕለት እዚያው ጨው ውሃ ውስጥ ሥር ይሰዳል።”

እናትየው አማተቡ።

“ሥራህ ድንቅ ነው ጌታዬ!”

እኔም መንገድ ላይ በተነሰነሰው ጨው ቀልጦ፣ በየጫማው ገብቶ ወለሉን ባራሰው የበረዶ ጨው ውሃ ውስጥ የቆሙትን እግሮቼን እያየሁ ሱንድቢበሪ ደረስኩ።