ከሰል በደጅ፣ ጭድ በዳስ

የጥር ብርድ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት ሰሞን፣ በጸጸራት ሰፈር የሚኖሩት ልብስ ሰፊው አባ ኢንድሪስ አንድ ጆንያ ከሰል ከጎናቸው አቁመው ፌርማታው አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በማግስቱ ልጃቸውን መድናን ይድራሉ። ከወሎ የመጡት ዘመዶች ቤቱን ስለሞሉት ዐሥራ ሁለቱ ወንዶች የሚያድሩት በግቢው ዳስ ነው። እንግዳ በብርድ ተቆራምዶ ማደሩ ለአባ ኢንድሪስ ከሞት የማይተናነስ ውርደት ነበር።

ነርስነት የምትማረው የጎረቤታቸው ልጅ ቀድሪያ በዚያ ስታልፍ አይታ ቆመች።

«አባ፣ ይህ ሁሉ ከሰል ለወጥ ነው?»

«ለእንግዶቼ ነው እንጂ ልጄ! የዳሱን ሸራ ጥርቅም አድርጌ በሦስት ፎርኔሎ ምድጃ ፍም አስገባላቸዋለሁ። ሐሩሩ ምጽዋ የወረዱ ነው የሚመስላቸው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በተዘጋ ዳስ ፍም ሰው ይገድላል።»

አባ ኢንድሪስ ሳቁ። «ጭሱ ያለቀለት ፍም ደግሞ ምን አለው?»

«የሚገድለው የማይታየውና የማይሸተው ነው። ለመሆኑ ያ የዒድ አውራ ዶሮዎ ምን ሆኖ ሞተ?»

«የአደይ ኣበበች ዓይን በልቶት ነዋ! ብርድ እንዳያገኘው ብዬ ሱቄ ውስጥ ከነፎርኔሎው ዘግቼበት፣ ጠዋት ስከፍት...»

ዶሮውን የገደለው የገዛ ፍማቸው መሆኑ ያን ጊዜ ገባቸው። ለሦስት ዓመት ምስኪኗን ጎረቤታቸውን በዓይነ ክፉነት ሲያሙ ኖረዋል፤ ለሠርጉም ከሰፈሩ ሰው ሳይጠሩ የተዉት አደይ ኣበበችን ብቻ ነበር። ኀፍረት ጆሯቸውን አጋለው።

«ታዲያ እንግዶቼን ብርድ ይፍጃቸው?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«እስቲ አንዴ ይነሱልኝ።» ቀድሪያ ነጠላዋን አራት አጥፋ ድንጋዩ ላይ አነጠፈችና መልሳ አስቀመጠቻቸው።

«ወይ ጉድ! ሞቀኝ!»

«ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው፣ አባ። ጭድ ወፈር አድርገው ይጎዝጉዙና ሰሌን ያንጥፉበት። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ከእንግዶቹ እግር ሥር ያኑሩ። እንግዶቹ በልተው ይተኙ፤ እርጥብ ልብስ ያውልቁ፤ ቆብ ያጥልቁ። ሸራው ከላይ ገርበብ ይበል። ፍሙ ደጅ ሆኖ ውሃውን ያፍላ።»

አባ ኢንድሪስ ወደ ቤታቸው ከመግባታቸው በፊት የአደይ ኣበበችን በር አንኳኩ።

«ይቅር ይበሉኝ። ዶሮዬን የገደልኩት እኔው ነኝ። ነገ ከሠርጉ እንዳይቀሩብኝ።»

ነገሩን ሲሰሙ አደይ ኣበበች እስኪያነቡ ሳቁ። «ሕራይ፣ ይቅር ብያለሁ። ጭዱን ግን ከእኔ ውሰድ፤ ላሜ አትቀየምህም።»

ጎህ ሲቀድ አባ ኢንድሪስ ሸራውን ገልጠው ቆጠሩ። ዐሥራ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ እንዲያውም አንዱ ጋቢውን ገፍፎ ያንኮራፋል። የተረፈው ከሰልም የሠርጉን ወጥ አበሰለ።

ሙሽራዋ ስትወጣ፣ አደይ ኣበበች ዓይናቸው እንዳይፈራ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ደፍተው ከጥግ ቆሙ። አባ ኢንድሪስ እጃቸውን ይዘው ከፊት አመጧቸውና የልጃቸውን የፊት መሸፈኛ በገዛ እጃቸው ገለጡ።

«ጠግበው ይዩልኝ፣ አደይ።»