የጋሽ ደምሴ ጭራቅ

እሁድ እሁድ ገበያው ሲዘጋ፣ ሸማ ተራ ጋሽ ደምሴ ሱቅ ተሰብስበን፣ ባለ ቁጥር ዳይስ እየጣልን፣ እያንዳንዳችን አንድ ባለታሪክ ሆነን ተረት የምንፈጥርበት ጨዋታ እንጫወታለን። ተራኪው እኔ ነኝ። ባለፈው «ጭራቆች ዘራቸው ክፉ ነው፤ ያገኛችሁትን ግደሉ» ስል፣ ጓደኛዬ ሰላም «ይሄማ ዘረኝነት ነው» አለችኝ። «ኧረ ባክሽ! ጭራቅ ይቀየመኛል?» ብዬ ሳቅኩባት።

ጋቢ የሚያጣጥፉት ጋሽ ደምሴ ቀና አሉ። «አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። የሀገሬው ሰዎች ማረሻቸውን እሱ ጋ እያሠሩ፣ ልጆቻቸውን ግን ‹ዘሩ ቡዳ ነው፣ ይበላችኋል› እያሉ ከእኔ ይሸሽጉ ነበር። አብሮኝ የሚጫወት ሳላገኝ ነው ያደግሁት።»

አፈርኩ። ስለ ጭራቆች በደብተሬ የጻፍኩትን ሰርዤ ወንበር ሳብኩላቸው። «ጋሼ፣ ይጫወቱ። ማንን ይሆናሉ?»

«ጭራቁን ነዋ!»

እግዜር ይስጣቸው፣ ያን ቀን በተረቱ ውስጥ ሁላችንንም ከዘንዶ አፍ ያወጣን የሳቸው ጭራቅ ነው።