ሁለተኛው ክንድ

ሰው የሚሸሸውን ሰው ውሃ ዳር ያገኘዋል፤ የተጠማ ሁሉ መሄጃው አንድ ነውና። አዛውንቱ ዛህራን ቢን ኸልፋን የቀትሩን ሶላት ሰግደው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ፈለጁ አፍ ሲወርዱ ማንንም አገኛለሁ አላሉም። ፈለጅ የሚሉት አባቶች ከሐጀር ተራራ ሥር በአለት ውስጥ ጠርበው ያወረዱትን የውሃ መንገድ ነው። ቴምሩም ሎሚውም ሰዉም የሚጠጣው ከእሱ ነው። ዛህራን የዚህ ውሃ ወኪል ናቸው፤ ተራ ያስጠብቃሉ፣ ጠብ ያበርዳሉ፣ ለውሃው በወቅፍ፣ ለአላህ ተብሎ፣ የተሰጠውን መሬት ያስተዳድራሉ።

ውሃው ከጨለማ ወደ ብርሃን ከሚወጣበት ቦታ ወረድ ብሎ የልጃቸው ልጅ ራያ አቧራ የጠጣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ነክራ ተቀምጣለች።

«መጠጫው ከላይ፣ የእግሩ ከታች ነው» አሉ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

«ከታች ነኝ አባባ። ድንጋዩን አልፌ ነው የተቀመጥኩት፤ ይዩት።»

አዩት። እውነቷን ነው። የሚቆጡበት ሲያጡ ሰላምታ ሰጧት።

ካለፈው አርብ ወዲህ አልተነጋገሩም ነበር። ራያ ዋና ከተማው መስቀጥ ተምራ የመጣች የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት። በዚያ አርብ በመንደሩ መሰብሰቢያ ተነሥታ፣ ፍየል እንኳ የማይግጥበት ያ የጠጠር ወቅፍ መሬት ለፀሐይ ኃይል ማመንጫ ይከራይ ብላ ለመነች። በዚያው ብትተወው ደግ ነበር። አገራችን በነዳጅ ብቻ ተደግፋ መኖር የለባትም፣ አንድ ምሰሶ ያለው ቤት ቤት አይባልም አለች። ያኔ ዛህራን ተነሡ፤ «ነዳጅ ላይ ተቀምጠሽ እሳት ትለምኛለሽ?» ብለው ጥለው ወጡ። ሰዉም ሳቀ። ያለ ወኪሉ ቃል መሬቱ አይሰጥም፤ ማመንጫውን የሚተክለው ድርጅት ደግሞ እስከሚቀጥለው አርብ ብቻ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሸለቆ እሄዳለሁ ብሏል። የሚቀጥለው አርብ ነገ ነው።

ዛህራን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የጀመሩት በቁጣ ሳይሆን በቀስታ ነበር። እናታቸው በንዳድ የታመሙ ጊዜ በአህያ ጭነዋቸው ወደ ባሕሩ ዳር ሐኪም ሲሄዱ፣ መንገዱ ሳያልቅ እናትየው እንዳለቁ ነገሯት። ይህን ታሪክ ራያ ስትሰማው ኖራለች፤ ዛሬም ግን እንደ አዲስ አዳመጠች።

«ከዚያ ነዳጁ ወጣ» አሉ። «እኔም በረሃ ገብቼ የውሃ ቦቴ ነዳሁለት። በሱ መንገድ መጣ፣ በሱ ሐኪም ቤት መጣ። እናትሽ የተወለደችው ነጭ አንሶላ ላይ ነው፤ አንቺም የተማርሽው በሱ ነው። ይህን የአላህ ጸጋ የሚያናንቅ ሰው ወጪት ሰባሪ ነው ልጄ። ሌላ ስም የለውም።»

«አላናነቅኩትም አባባ። ነዳጁ ነገ ይዘጋ ያለ ካለ እኔም አልሰማውም። ግን ናብሃንን ይዩት።»

ናብሃን ወንድሟ ነው። ትምህርቱን እንደ ጨረሰ የሥራ ተስፋ ተሰጥቶት ነበር። የማያውቃቸው ሰዎች በማያውቀው ገበያ የነዳጅ ዋጋ ሲጥሉ፣ ያ ተስፋ ታጠፈ። እስካሁን የአጎቱን ሱቅ ደጃፍ ያሞቃል። ራያ እሱን ብቻ አልጠራችም፤ የዚያኑ ዓመት የቆመውን የትምህርት ቤት ግንባታ፣ ዋጋው ሲወድቅ ባለሱቁ እንኳ ዱቤ የነሣቸውን ቤቶች አንሥታ ነገረቻቸው። ዋጋው ሲወጣ መንደሩ ድግስ፣ ሲወርድ መንደሩ ለቅሶ። «ሌላ የምንኖርበት ነገር ቢኖረን» አለች፣ «ገበያው እንዲህ አይጫወትብንም ነበር።»

 ሽማግሌ ዝም ሲል ተሸነፈ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያስበው እንዴት እንደሚነሣና እንደሚሄድ ነው። ሊነሡም ከዘራቸውን ጨብጠው ሳሉ ራያ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። ዛሬ መሬቱን ስትለካ የፈለጁ መተንፈሻ ጉድጓዶች አንድ ቦታ ላይ ሁለት መስመር ሆነው አይታለች። ሥራው ቢፈቀድም ባይፈቀድም፣ ከሥሩ ውሃ ካለ ማንም እዚያ ብረት እንዳይተክል ማወቅ ትፈልጋለች።

የዛህራን ፊት ተለወጠ። ስለ ፈለጁ የጠየቃቸው ወጣት ካዩ ስንት ዘመናቸው። «ነይ» አሉ፤ የተቀየሙትንም ረሱት።

በራያ መኪና ዳገቱን ወጡ። ጉድጓዶቹ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተሰልፈው ወደ ተራራው ይሄዳሉ። መስመሩ ለሁለት በሚከፈልበት ዛህራን በደረታቸው ተኙ፤ እሷም ተኛች። ከጥልቁ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ወጣ። ዝም ሲሉ የውሃ ድምፅ ሰሙ፤ አንድ ሳይሆን ሁለት፣ አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን፣ ጎን ለጎን ቁርዓን እንደሚቀሩ ሁለት ቃሪዎች። ራያ በዚህ ውሃ ያደገች ናት፤ ጆሮዋን ሰጥታው ግን አታውቅም። 

«ወፍራሙ ከእናቲቱ፣ ከዋናዋ ጉድጓድ የሚመጣው ነው» አሉ ዛህራን። «ቀጭኑ ክንዱ ነው። ከወዲያኛው ሸለቆ ውሃ እንዲያመጣ አያቴ በጎን አስቆፈረው። የሰዉን ሳቅ አትጠይቂ። ውሃ ላይ ቆሞ ውሃ የሚፈልግ እብድ አሉት።»

«ውሃው ቀንሶ ነበር እንዴ?»

«የለም፣ ሞልቶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ደከሙ?»

ዛህራን እንደ ሕፃን ጥያቄ ሳቁባት። «እንዴ፣ ደርቆ ማን ይቆፍራል? ውሃው ሲሄድ ቴምሩ ይሄዳል፤ ቴምሩ ሲሄድ ቆፋሪው ምን በልቶ መዶሻ ያነሣል? ክንድ የሚቆፈረው እናቲቱ ሞልታ ሳለ፣ በእሷው ጥጋብ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ድርቅ መጣና እናቲቱ ጠፋች፤ መንደሩ የተረፈው በዚያ በ...»

እዚህ ላይ ቆሙ።

 ራያ መናገር ትችል ነበር፤ ቃሉ በምላሷ ጫፍ ነበር። ሰው ግን ወደ እውነት ደጃፍ በራሱ እግር ሲደርስ ከኋላው የሚገፋው ካለ ይመለሳል። እሷም ጠጠሩን እያየች ጠበቀች፤ ከሥራቸው ሁለቱ ውሃዎች ይፈስሳሉ።

«ውሃ ላይ ቆሞ ውሃ የሚፈልግ» አሉ አዛውንቱ ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው፣ እጅ የማይሰጥ ሰው በመጨረሻ የሚወረውራትን ወረወሩ። «እሺ። ፀሐይሽ ግን ማታ ትጠልቃለች። ነዳጅ አይተኛም።»

«የእኛስ ውሃ ሌሊት ይወርድ የለ? ተራው የደረሰው ሰው ሲተኛ የት ይሄዳል?»

«ኩሬ ውስጥ ይጠራቀማላ።»

«ፀሐይዋም ኩሬ አላት አባባ። ባትሪ ይባላል። ዋጋው ውድ ነው፤ አልዋሽዎትም። ለዚህ ነው የነዳጁ ገንዘብ ሳለ የምንሠራው። በእናቲቱ ጥጋብ።»

ዛህራን ጢማቸውን አሻሹ። «አፍሽ እንደ አያትሽ ነው፣ አላህ ይማራትና። አንድ ቀን አሸንፌያት አላውቅም።»

ራያ ከመኪናዋ ጀርባ የበር ስፋት ያላት የፀሐይ ሰሌዳ አወረደች፤ ሜዳ ላይ መሣሪያዋን የምታሠራባት ናት። ወደ ፀሐይ አዘንብላ አቆመቻት። ረጅም ገመድ ያለው መብራት አያይዛ ወደ ጉድጓዱ ቀስ እያለች ሰደደች። «ይመልከቱ» አለች።

ብርሃኑ በግድግዳው ላይ እየወረደ ሄደ። በመጀመሪያ የመሮ ምልክት ታየ፤ አንድ ስንዝር አለት ሳይቀር በጥርስ እንደ ተነከሰ ሁሉ ተጠርቧል፤ የሞቱት ሰዎች እጅ ትናንት የተነሣ ይመስላል። ቀጥሎ ውሃው ታየ። ከግራ አንዱ ከቀኝ አንዱ መጥተው፣ ሳይጋፉ ተቀላቅለው፣ አንድ ሆነው ወደ መንደሩ ይሄዳሉ። ጣት የማያህሉ ዓሦች ከጨለማው ወጥተው ብርሃኑን ከበቡት። ያን ቦታ ፀሐይ አይታው አታውቅም፤ ዛህራንም ወኪል ሆነው ሲኖሩ በጆሮ እንጂ በዓይን አያውቁትም ነበር።

«ይህ ብርሃን ከየት ነው?» አሉ በሹክሹክታ፣ መስጊድ ውስጥ እንዳለ ሰው።

ራያ ወደ ላይ አመለከተች።

አዛውንቱ ሰማዩን አዩ፤ ጉድጓዱን አዩ። ዕድሜ ልካቸውን ወደ ጥላ ገብተው ሲሸሿት የኖሩት ፀሐይ ወርዳ የአያታቸውን ሥራ አሳየቻቸው። «ሱብሐን አላህ» አሉ። አላህ ጸጋውን በአንድ ጉድጓድ ብቻ አላስቀመጠም። ከምድር ሥር ያስቀመጠውም የእሱ ነው፤ በራሳችን ላይ በየቀኑ የሚያፈሰውም የእሱ ነው። የመጀመሪያውን ተቀብሎ ሁለተኛውን መግፋት ደግሞ ምስጋና አይባልም። ይህን ራያ አልነገረቻቸውም፤ በደረታቸው እንደ ተኙ ራሳቸው ለራሳቸው ነገሩት።

በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ በመሰብሰቢያው ተነሥተው የተናገሩት አጭር ነበር። «ባለፈው አርብ ለዚህች ልጅ የመለስኩላት መልስ የአያቴን ጎረቤቶች ስድብ ነው። እነሱ ስቀው በሱ ክንድ ጠጡ። እኔ እንደነሱ መሆን አልሻም፤ መሬቱ ይሰጥ።» ሰዉ ሊያጉረመርም ሲል አክለው ሦስት ነገር አስጠበቁ፦ ከፈለጁ መስመር አጠገብ ብረት እንዳይተከል፣ ኪራዩ ለውሃው መንገድ መጥረጊያ እንዲውል፣ ቅጥሩም ከመንደሩ ልጆች እንዲጀምር።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ተለወጠ ቢባል ውሸት ነው። የነዳጅ ቦቴዎች ዛሬም በአውራ ጎዳናው ያልፋሉ፤ ዛህራንም አሮጌ መኪናቸውን በቤንዚን ይነዳሉ፣ ሲስቁባቸውም «እናቲቱን አልከዳሁም» ይላሉ። ናብሃን ግን ከሱቁ ደጃፍ ተነሥቶ በሰሌዳዎቹ መካከል ይሠራል፤ ከከተማ የተመለሱም አሉ። ብዙ ዘመን ያልተጠረገው የፈለጁ ዋሻ በኪራዩ ተጠርጎ ውሃው ጨመረ፤ የደረቁት የታችኛው ሜዳ ቴምሮች አቆጠቆጡ። የነዳጁ ዋጋ እንደገና በወደቀ ጊዜ መንደሩ አዘነ እንጂ ለቅሶ አልተቀመጠም።

ከዕለታት አንድ ቀን ራያ አያቷን በጠጠሩ ሜዳ ላይ አገኘቻቸው። ሰሌዳዎቹ እንደ ሰጋጆች በሰልፍ ሆነው ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ፤ ዛህራን ከፊታቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ደስ ብሏቸው የሚያዩ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸው ከሰሌዳዎቹ አልፎ ሄዷል፤ ነፋሱ ያለማቋረጥ የሚነፍስበትን የተራራውን አንገት ያያሉ።

«ራያ» አሉ ዞር ሳይሉ፣ «የሚቆፈረው ሁለቱም ሞልተው ሳሉ ነው እንግዲህ። ሦስተኛውን ክንድ የት እንጀምረው?»