መንዙማው የተከፈተ ዕለት

ከመካነ ሰላም ወደ ወረኢሉ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ በመሐረብ የቋጠሩትን ፍላሽ ይዘው አጠገባቸው ያለችውን ወጣት መምህርት ያወጋሉ።

«የአባቴን መንዙማ ልጄ ዐረብ አገር ሳይሄድ ከአፌ እየሰማ በኮምፒውተር ጻፈልኝ። አሁን እኔም ግማሹን ረስቼዋለሁ። ዛሬ ማተሚያ ቤት ላሳትመው ብሄድ፣ ‹ልጅዎ የጻፈበት ፕሮግራም እኛ ጋ የለም› አሉኝ።»

«ታዲያ ቀረ?»

«በሌላ ፕሮግራም ከፈቱት። ወላሂ፣ አንዲት ፊደል አልጎደለችም።»

«ልጅዎ ብልህ ነው፣ አባባ። ክፍት በሆነ ፎርማት ነው ያስቀመጠው።»

«ክፍት ማለት?»

«አሠራሩ ለሁሉም ይፋ ነው። ፕሮግራም መሥራት የሚችል ሁሉ አይቶ ማንበቢያ ይሠራለታል። አንድ ኩባንያ ብቻውን አይቆልፈውም።»

«ሱብሃነላህ። ይህን ያሰቡት እነማን ናቸው?»

«ብዙ ናቸው፤ በየአገሩ ያሉ።»

«ስማቸውን ንገሪኝ፣ ዱዓ ላይ ላንሳቸው።»

«እኔም አላውቃቸውም።»

«እነሱስ አባቴን መች ያውቁታል?»

ሽማግሌው ይህን ብለው መዳፋቸውን ለዱዓ ሲዘረጉ፣ የእኔንም እጅ ጉልበቴ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት።