በጥቁሯ መኪና ላይ የደረቀው ጠበል

ሰዎች ጣልቃ ገብ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። መምህር ነኝ፤ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ የስደተኛ ልጆችን ፊደል ሳስቆጥር ኖሬአለሁ፤ ሁለት ሰው ሲከራከር ሰምቼ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ሐሙስ ዕለትም ከሱቅ ስመለስ በመኪና ማጠቢያው በኩል ባላልፍ ኖሮ ይህን ነገር አላይም ነበር።

አያ ጓንጉል ጥቁሯን መኪና ፀሐይ ላይ አቁመው፣ እጃቸውን ዘርግተው ከፊቷ ተገትረዋል። ሶፎኒያስ የሚባለው አጣቢ ወጣት እርጥብ ጨርቅ እንደያዘ ግራ ገብቶት ያያቸዋል። ውሃ ብቻ አፍስስባት አልኩህ እንጂ እሻት አላልኩህም ይሉታል።

ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። አያ ጓንጉል የመተማ ሰው ናቸው። በጎረምሳነታቸው ሰሊጥ ሊያርሙ ተሻገሩ፤ ሐዋታ ላይ ትራክተር መንዳት ለመዱ፤ አሁን ደግሞ ሐጅ ዑስማን የሚባል ነጋዴ አምኖ በሰጣቸው በዚች መኪና ሰው እያመላለሱ ይኖራሉ። ሶፎኒያስ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ጀምሮ ጦርነት ያቋረጠው ልጅ ነው፤ መንገድ እስኪቃናለት መኪና ያጥባል። ጨዋ ነው፤ ጥያቄ ግን ያበዛል። እኔ ደግሞ ጥያቄ የሚያበዛ ልጅ ነፍሴ ነው።

ጠጋ ስል ነገሩ ገባኝ። ኮፈኗም በሮቿም ክብ ክብ በሆነ ነጭ ጠብታ ተሞልተዋል፤ ፈንጣጣ የወጣባት ትመስላለች። አያ ጓንጉል በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያናችን ጉድጓድ የተባረከውን ጠበል ቀድተው ይረጩባታል። ይህ ደግ ነው፤ ያገራችን መንገድም የዚህም መንገድ ጸሎት ይፈልጋል። ከረጩ በኋላ ግን አያብሱም። ጠበል የተጠመቀ ሰው ገላውን በፎጣ አይጠርግም፤ ራሱ እስኪደርቅ ይተወዋል። እርሳቸው ያንኑ ሥርዓት ለመኪናዋ አደረጉላት።

ይህን ወሬኛ ባለ መኪናው እስካለበት እስከ ከሰላ ከተማ አድርሶታል። ሐጅ ዑስማን ደውሎ፣ ነገ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጥቼ አያታለሁ፤ ቀለሟ ተበልቶ ካገኘኋት ቁልፉን ለወንድሜ ልጅ እሰጣለሁ ብሏቸዋል። ቁልፉ ከሄደ የቀራቸው ሥራ ሰሊጥ ማረም ነው፤ እርሳቸው ደግሞ ዛሬ አንዴ ካጎነበሱ ቀና የሚያደርጋቸው ሰው ያሻቸዋል። አዘንኩላቸው። ተናደድኩባቸውም።

“መምህር፣ እስቲ አንተ ፍረደኝ” አሉኝ። “ጠበል ልጥረግ ይለኛል። በረከት በጨርቅ ተጠርጎ ወዴት ይጣላል? ይኸ ነጩ እኮ ማኅተም ነው።”

ሶፎኒያስ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ “ጠበሉን አላቃለልኩም፤ እኔም እጠመቃለሁ” አለ። “አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ያነጣት ጠበሉ ነው ወይስ ጉድጓዱ?”

“ጠበሉስ ከጉድጓዱ አይደል የሚቀዳ?”

“ነው። ጉድጓዱ ሳይባረክስ ይህን ነጭ አያመጣም ነበር?”

እኔም ለማወቅ ጓጓሁ። ልጁ እዚያው ጥግ ሻይ ከምትሸጠው ከአሰጋሽ ማንቆርቆሪያዋን ለምኖ አመጣና ውስጡን አሳየን። ነጭ ቅርፊት ጋግሮበታል። አሰጋሽም ውሃዋን የምትቀዳው ከሰፈሩ ጉድጓድ ነው፤ ቄስ አልባረከውም።

አያ ጓንጉል የዋዛ ተከራካሪ አይደሉም። ማንቆርቆሪያውን እሳት ነው ያጋገረው፣ መኪናዬን እሳት ላይ አልጣድኳት አሉ። ሶፎኒያስ ፀሐይዋን በጣቱ ቢያሳያቸውም አልተረቱም። እኔ ልፈርድ አፌን ስከፍት ልጁ ቀደመኝና፣ የባትሪዎ ውሃ ሲጎድል ከጉድጓድ ይሞሉበታል ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

ሽማግሌው ሳቁበት። “ባትሪ ልግደል እንዴ? የሚሞላው የተጣራው ውሃ ነው። የጉድጓድ ውሃ ጨውና ኖራ አለበት፤ ባትሪ ይጨርሳል። እኔ ይህን ያወቅሁት አንተ ሳትወለድ ነው።”

ይህን ብለው ነጩን ጠብታ ዞረው አዩት። የገዛ ቃላቸው እንደያዛቸው ከፊታቸው አነበብኩ። ከዚያ በኋላ ማንም አልጎተጎታቸውም፤ ራሳቸው ከመኪናዋ ኋላ የባትሪ ውሃ ጠርሙሳቸውን አወጡ። ግቢው ውስጥ የተጣለ አሮጌ ጥቁር የመኪና በር ነበር። ካንዱ ጫፍ የጉድጓዱን ውሃ፣ ከሌላው ጫፍ የተጣራውን ጠብ ጠብ አደረጉና ሻይ አዘን ተቀመጥን። እርሳቸው ግን መቀመጥ አቃታቸው፤ እየተነሱ ያያሉ፤ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ሲደርቅ በጉድጓዱ ውሃ በኩል ነጭ ቀለበት ቀረ። በተጣራው በኩል የቀረ ነገር የለም።

“ያ ሰላም” አሉ ተገርመው፣ በሱዳኖቹ አፍ። ቆይተውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “በረከቱስ እንግዲያ?” ብለው ጠየቁ። ክርክራቸው ሁሉ ከዚህ ፍርሃት የመጣ ነበር።

“በረከቱማ ሲረጩት ገብቷል፤ የቀረው የጉድጓዱ ኖራ ነው” አለ ሶፎኒያስ። “ጨርቁ ካሳሰበዎ ንጹሕ ጨርቅ ለብቻው ይያዙለት፤ ያጠቡበትንም ውሃ እግር በማይረግጠው ቦታ ያፍስሱት።”

“እንዲህ ከሆነስ ይሁን” አሉና አመድ ሊያመጡ ተነሡ። የጠቆረ ድስት እንደሚፈተገው ሊፈትጓት ነው። ልጁ ሮጦ ያዛቸው። አመድና አሸዋ ቀለሙን ይቧጭራል፤ ኖራን የሚያለቅቀው ኮምጣጣ ነገር ነው አለና አቼቶ፣ እዚህ ኸል የሚሉትን፣ ከሱቅ አስመጣ። መኪናዋን ጥላ ስር አስገብተን ብረቷ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። አቼቶውን በእኩል ውሃ አቀጠነው፤ መጀመሪያ ከበሩ ስር ዓይን በማያየው ቦታ ሞከረው። ቀለሙ ምንም እንዳልሆነ ካየ በኋላ ለስላሳ ጨርቅ ነክሮ በጠብታዎቹ ላይ ጥቂት አቆየና ሳይፈትግ ጠረገ። ወዲያው በብዙ ውሃ አጠበው፤ ሳይውል ሳያድር በደረቅ ጨርቅ አደረቀው። ጥቁሩ ቀለም ፊት እስኪያሳይ አንጸባረቀ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ራሳቸውን አዩበትና ሪዛቸውን አስተካከሉ።

ሁሉም ግን አልለቀቀም። ኮፈኑ ላይ ብዙ የሰነበቱት ጥቂት ጠብታዎች ቀለሙ ውስጥ ገብተዋል፤ እነዚያን የሚያነሳቸው ፖሊሽ የሚያውቅ ሰው ነው። አየነው የሚባል ሌላ አጣቢ፣ የወፍ ኩስ ነው በሉት ብሎ መከራቸው። አያ ጓንጉል ተቆጡት። በጠበል ላይ ውሸት አልጨምርም አሉ። እኔ ደግሞ በልቤ እውነቱ ነገ ያስርብዎታል አልኩ።

በነጋታው ሐጅ ዑስማን ጀላቢያውን እንደለበሰ ከመስጊድ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ መቼም አልቀርም። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና ኮፈኑ ላይ ሲደርስ ቆመ። በአውራ ጣቱ አሸት አደረገው። አያ ጓንጉል ሳይጠየቁ ቁልፉን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አድርገው ዘረጉለት። የቤተ ክርስቲያናችን ውሃ ነው፣ ሳላስፈቅድህ በንብረትህ ላይ ረጨሁ፣ ማበስ ነውር መስሎኝ አበላሸሁብህ አሉት።

ሐጁ ቁልፉን ወሰደ።

“ስትረጭ ምን እያልክ ነበር?” አለ።

“የሚሳፈርባትን ሁሉ በሰላም አድርስ እላለሁ። ያንተንም ስም እጠራለሁ።”

“ማን ብለህ?”

አያ ጓንጉል ግራ ገባቸው። “ዑስማን ብዬ ነዋ። ሌላ ስም አለህ እንዴ?”

ሐጁ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ፊቱን አዞረ። ሲመለስ ዓይኑ ረጥቦ ነበር። ቁልፉን መልሶ እጃቸው ላይ አስቀመጠና ጣታቸውን አጠፈላቸው።

“ጸሎቱን እንዳታቋርጥ” አላቸው። “ውሃውን ግን አብሰው።”

አንባቢ ሆይ፣ እኔ በልማድ የምዘብት ሰው አይደለሁም፤ ልማድ ምን እንደሚጠብቅ ሳንጠይቅ ስንቀር ግን የምንወደውን ነገር በገዛ እጃችን እናበላሻለን። መኪናን ፀሐይ ላይ አለማጠብ፣ ውሃውን ሳይደርቅ ማበስ፣ ኖራውን ገና ሳይሰነብት ማንሳት ቀለም ያቆያል፤ ከፖሊሽ ወጪ ያድናል፤ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለውንም እምነት ይጠብቃል። ይህን ዛሬ በማጠቢያው ለሹፌሮች የሚያስተምሩት አያ ጓንጉል ናቸው፤ ሶፎኒያስን እንኳ አያስተነፍሱትም። በየሰንበቱም ከቅዳሴ በኋላ መኪናዋን ጥላ ስር ያቆማሉ። አስቀድመው ዑስማን ብለው ይጸልያሉ፤ ከዚያ ያብሳሉ።